እርከን ጨማሪ፦ የሁለት መደመር ምልክቶች ነገር

ኮምቦልቻ ውስጥ «ኦፕሬተር» ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው የፋብሪካ ሰው ነው፤ ጨርቃ ጨርቅም ይሁን ቢራ፣ ማሽኑ ላይ ቆሞ ፈረቃውን የሚጨርስ። እዚያው ከተማ፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ሲገባ ግን ኦፕሬተር + ወይም * የመሰለ ምልክት ይሆናል። ልዩነቱ ያን ያህል ሰፊ አይደለም። ሁለቱም የቀረበላቸውን ተቀብለው አንድ ሥራ ሠርተው ያወጣሉ።

የዛሬው ቃላችን ሁለት የመደመር ምልክቶች ተጣብቀው የሚሠሩት ኦፕሬተር ነው፦ ++። ስሙ ኢንክሪመንት ኦፕሬተር ይባላል። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ፕሮግራሚንግ የሚጀምር ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚገናኘው ከሲ ፕላስ ፕላስ ጋር ስለሆነ፣ ምልክቱ ምን እንደሚሠራ ሳያውቅ በቋንቋው ስም ውስጥ ሲጠራው ይከርማል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ግቢ ያልገባ የደሴ ወጣትም በስልኩ ኮድ መማር ጀምሯል፤ ስለዚህ ነገሩን በአማርኛ ማስረዳት ትርፉ ብዙ ነው።

«ኢንክሪመንት»ን ደመወዝተኛ ሁሉ ያውቀዋል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የደመወዝ ስኬል ላይ መነሻ አለ፣ ጣሪያ አለ፣ በመካከል እርከኖች አሉ። ሠራተኛው ከአንዱ ወደሚቀጥለው ሲሸጋገር የእርከን ጭማሪ አገኘ ይባላል። «ጭማሪ» ብቻውን ለእኛ ጉዳይ አይበቃም። የዋጋ ጭማሪም ጭማሪ ነው፣ ሽንኩርት ሻጯ የምትመርቀውም ጭማሪ ነው፤ ልኩ አይታወቅም። እርከን ግን ልክ አለው፣ አንድ አንድ እየተባለ ይወጣል። በዚያ ላይ «እርከን ጭማሪ» ሳይሆን «እርከን ጨማሪ» እላለሁ፤ ጭማሪ የተጨመረው ነገር ነው፣ ጨማሪ ሠሪው ነው፣ ኦፕሬተርም ሠሪ ነውና። ወንድሙ -- «እርከን ቀናሽ» ይሁን።

«አንድ ጨማሪ» አይቀልም ወይ የሚል ይኖራል። ለተራ ቁጥር ይቀልላል። ሲ ፕላስ ፕላስን ገፍቶ ፖይንተር ላይ የደረሰ ሰው ግን ይቸገራል። ፖይንተር የማስታወሻ አድራሻ ይይዛል፤ 4 ባይት የሚይዝ ቁጥር ላይ የሚያመለክት ፖይንተር ++ ሲደረግበት አድራሻው የሚያድገው በ4 ነው፣ አንድ ሙሉ ቁጥር ተሻግሮ ቀጣዩ ላይ ይቆማል። ያ እርከን ነው እንጂ «አንድ» አይደለም።

አሁን ወደ ሥራው። በፕሮግራም ውስጥ ዋጋ የምናስቀምጥበት ስም ተለዋዋጭ ይባላል። ተለዋዋጩን «ቁ» እንበለው።

ቁ = ቁ + 1;

ይህን በሒሳብ ክፍለ ጊዜ የጻፈ ተማሪ ቀይ እስክሪብቶ ይጠብቀዋል፤ ከራሱ በአንድ የሚበልጥ ቁጥር የለምና። በፕሮግራም ግን = ትእዛዝ ነው፦ በስተቀኝ ያለውን አስላ፣ ውጤቱን በስተግራ ባለው ስም አስቀምጥ። ቁ 5 ከነበረ 6 ይሆናል። ይኸው ትእዛዝ ሲያጥር «ቁ++» ነው። «++ቁ» ተብሎም ይጻፋል፣ ግራ መጋባቱም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ደሴ መናኸሪያ ወደ ኮምቦልቻ ለሚወርዱ ሚኒባሶች ተራ የሚሰጥ ተራ አስከባሪ እናስብ። ደብተሩ ላይ 5 ተጽፏል። መኪና መጣ። ተራ አስከባሪው ለሾፌሩ «5 ነህ» ብሎት፣ ከዚያ ደብተሩን 6 ሊያደርግ ይችላል። ወይም አስቀድሞ ደብተሩን 6 አድርጎ «6 ነህ» ሊለው ይችላል። በሁለቱም መንገድ ደብተሩ ላይ የሚቀረው 6 ነው። የተለያየው ሾፌሩ ይዞ የሄደው ነው።

ቁ = 5;
ተራ = ቁ++;

እዚህ «ተራ» 5 ይይዛል፣ «ቁ» 6 ሆኗል። ይህን ድኅረ እርከን ጨማሪ እንበለው፤ ዋጋው ከተሰጠ በኋላ የሚጨምር።

ቁ = 5;
ተራ = ++ቁ;

እዚህ ሁለቱም 6 ናቸው። ቅድመ እርከን ጨማሪ፤ አስቀድሞ ጨምሮ የሚሰጥ። ምልክቱ ከስሙ በፊት ከመጣ ቅድመ፣ ከኋላ ከመጣ ድኅረ ስለሆነ አጠራሩ ከአጻጻፉ ጋር ይገጥማል።

++ እንግዲህ በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ ይሠራል፦ ተለዋዋጩን ይጨምራል፣ ለጠየቀውም ዋጋ ያቀብላል። በመጨመሩ የሚሳሳት ጀማሪ አላየሁም፤ የሚያሳስተው ማቀበሉ ነው። ተቀባይ ከሌለ፣ «ቁ++;» ብቻውን በአንድ መስመር ከቆመ፣ ቅድመም ሆነ ድኅረ ለውጥ የለውም። (የአማርኛ ስሞቹ ለማብራሪያ ያህል ብቻ የገቡ እንዳይመስላችሁ፤ ጃቫ፣ ጃቫስክሪፕትና ፓይተን በፊደላችን የተጻፈ የተለዋዋጭ ስም ይቀበላሉ። ኪቦርዱን ሳትቀይሩ በ ; ፋንታ የእኛን ፤ ከመታችሁ ግን እሺ አይሉም።)

ምልክቱ በብዛት የሚታየው በፎር ሉፕ ውስጥ ነው፦

ቁ = 0; ቁ < 12; ቁ++

ከ0 ጀምር፣ ከ12 በታች እስከሆነ ድረስ ድገም፣ በእያንዳንዱ ዙር አንድ እርከን ውጣ። 12 ሰው የሚጭነው ሚኒባስ በዚህ ይሞላል፤ የመጀመሪያው ወንበር 0፣ የመጨረሻው 11። ከዜሮ መጀመር ለጊዜው ይከብዳል፤ የግዕዝ ቁጥር እንኳ ዜሮ የለውም፣ ከ፩ ነው የሚነሣው። ከ < አጠገብ = ጨምራችሁ <= ካደረጋችሁት 13ኛ ሰው፣ ትርፍ ጫናችሁ ማለት ነው። የሌለ ወንበር ስትጠይቁት ጃቫ ወዲያው ያስቆማችኋል። ሲ ፕላስ ፕላስ ምንም ሳይል ሊያልፍም ይችላል፤ የሚያስፈራው እሱ ነው።

የፈተና አውጪዎች ተወዳጅ ጥያቄም አለ፦ ቁ 5 ቢሆን «ቁ++ + ++ቁ» ስንት ይሆናል? በጃቫ ከግራ ወደ ቀኝ በሥርዓት ይሰላል፤ መጀመሪያ 5 ይሰጣል፣ ቁ 6 ይሆናል፣ ከዚያ 7 ሆኖ ይሰጣል፣ ድምሩ 12። በሲ እና በሲ ፕላስ ፕላስ ግን መልስ የለውም። የቋንቋዎቹ ደንብ ይህን ጽሑፍ ትርጉም አልሰጠውም፤ አንዱ ኮምፓይለር (የጻፍነውን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም) 12፣ ሌላው 13 ቢያወጣ ሁለቱም ደንብ አልጣሱም። በሲ ፕላስ ፕላስ ኮርስ ላይ ይህን ጠይቆ አንድ መልስ ብቻ ትክክል ነው የሚል ፈታኝ፣ ተማሪውን የሚፈትነው በራሱ ኮምፒውተር ጠባይ ነው። ቋንቋውን ለመመዘን የሚበጀው እንዲህ ያለውን መስመር ለሁለት ከፍለህ ጻፍ የሚል ጥያቄ ነው።

ምልክቱን የፈጠረው የቤል ላብራቶሪው ኬን ቶምፕሰን ነው፤ የሲ ቀዳሚ በሆነው ቢ በተባለው ቋንቋ፣ ዘመኑም 1969 እና 1970 እ.ኤ.አ. አካባቢ። ብዙ ሰው ++ የመጣው ፒዲፒ 11 ከተባለው ኮምፒውተር ጠባይ ነው ይላል። የሲ አባት ዴኒስ ሪቺ ግን በጻፈው ታሪክ አስተባብሎታል፤ ቢ ሲሠራ ፒዲፒ 11 ገና አልነበረም። ቀድሞ በነበረው ፒዲፒ 7 ላይ ሲነኩ ራሳቸው የሚጨምሩ ጥቂት የማስታወሻ ቦታዎች ነበሩ፤ ሐሳቡን ሳይጭሩበት አልቀሩም። ይበልጥ የገፋፋው ግን ቁጠባ እንደነበር ሪቺ ይገምታል፦ ወደ ማሽን ቋንቋ ሲተረጎም «++ቁ» ከ«ቁ = ቁ + 1» ያነሰ ቦታ ይወስድ ነበር። በዚያ ዘመን ማስታወሻ ውድ ነበር። ዛሬ ኮምፓይለሮች ሁለቱን አንድ አድርገው ስለሚተረጉሙ የቀረው የጽሕፈት ማጠር ብቻ ነው።

በ1983 እ.ኤ.አ. ሲን ያሻሻለው ቋንቋ ሲ ፕላስ ፕላስ ተባለ፤ ስሙን ያወጣው ሪክ ማሺቲ ነው፣ ከሲ አንድ እርከን ከፍ ያለ ለማለት። ምልክቱ ከኋላ መቆሙ ለቀልድ ተመችቷል፦ ሲን አሻሻልነው፣ ያቀበልናችሁ ግን አሮጌውን ነው።

ከዚያ ወዲህ የመጡ ቋንቋዎች ጠንቀቅ ብለዋል። ጎ ድኅረውን ብቻ፣ ያውም ለብቻው በቆመ መስመር ላይ፣ ይፈቅዳል። ስዊፍት በ2016 እ.ኤ.አ. ጨርሶ አውጥቶታል። ፓይተን ከመጀመሪያውም አላስገባውም፤ ከሲ ፕላስ ፕላስ ወደ ፓይተን የሚሻገር ተማሪም ሳያውቀው የሚገባበት ጉድጓድ አለ። ፓይተን ላይ «ቁ++» ብሎ የጻፈ ወዲያው የስህተት መልእክት ይደርሰዋልና ደኅና ነው። «++ቁ» ያለ ግን ምንም አይደርሰው። ፓይተን ሁለቱን ምልክቶች የሚያነባቸው ከ5 ፊት «+» እንደ መጻፍ፣ ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ነው፤ +5 ያው 5 ነው፣ «ቁ»ም ካለበት ንቅንቅ አይልም፣ ሉፑም ማብቂያ ያጣል። በፓይተን እርከን የሚወጣው እንዲህ ነው፦

ቁ += 1