አይባችን ጥጃ አላሳረደም

በሰንበቴ የእሑድ ገበያ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አፋሩና አርጎባው ይገናኛል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይገበያያል። ሥጋ ላይ ሲደረስ «ማን አረደው?» ይባላል። ቅቤና አይብ ላይ ግን ይህ ጥያቄ ብዙም አይነሳም። ለምን? መልሱ አሠራሩ ውስጥ ነው።

እናቶቻችን ወተቱን እርጎ እስኪሆን ያጠራቅሙታል፣ ይንጡታል፣ ቅቤውን ያወጣሉ። የቀረውን አሬራ ለስለስ ባለ እሳት ሲያሞቁት አይቡ ከአጓቱ ይለያል። ይህን የሚሠራው በእርጎው ውስጥ ባክቴሪያዎች የፈጠሩት አሲድና የእሳቱ ሙቀት ነው። ከእንስሳ ሆድ የሚጨመር ነገር የለም።

የፈረንጁ ፎርማጆ ታሪክ ሌላ ነው። አውሮፓውያን ለብዙ ዘመናት ወተቱን ያረጉት የሚጠባ ጥጃ አርደው፣ ከአራተኛው የሆዱ ክፍል በሚያወጡት ካይሞሲን በተባለ ኢንዛይም ነው። እ.ኤ.አ. በ1874 ዴንማርካዊው ክርስቲያን ሃንሰን ይህንኑ ኃይሉ የተለካ የፋብሪካ ምርት አድርጎ መሸጥ ጀመረ። የጣልያኑ ፓርሚጃኖ ሬጃኖ ዛሬም በደንቡ የሚሠራው ከጥጃ በሚገኘው ነው። ሥጋ የማይበላ ሰው ፓስታው ላይ ሲነሰነስለት ይህን ማወቅ አለበት።

እኛ ጋ ያ መንገድ ለምን አልተለመደም? እንደኔ ግምት ነገሩ የኑሮ ስሌት ነው። የአገራችን ላም ጥጃዋ አጠገቧ ካልቆመ ወተቷን በቀላሉ አትለቅም፤ ጥጃ ማረድ ወተቱን ማድረቅ ነው። በዚያ ላይ ገበያ የሚወጣው ዋናው ሀብት ቅቤ ነው። አይብ ከቅቤ የተረፈ በረከት ነው።

«ፎርማጆ ሁሉ የጥጃ ሆድ አለበት» ማለት ግን ስህተት ነው። ከሻጋታ የሚገኝ ማርጊያ ከመጣ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ አሜሪካ የጥጃው ዘረመል ገብቶባቸው ካይሞሲን በሚያመርቱ ረቂቅ ተሕዋስያን መጠቀምን ፈቀደች፤ ዛሬ እዚያ አብዛኛው ፎርማጆ የሚሠራው በዚህ ነው።

አንድ ነገር አትቀላቅሉ፦ ለኦርቶዶክስ ጿሚ ማርጊያው ምንም ይሁን ምን አይብም ፎርማጆም የፍስክ ነው፤ ወተት ነውና። ጥያቄው የሚከብደው ሐላል ለሚፈልገውና ወተት እየጠጣ ሥጋ ለተወው ነው። ማሸጊያው ላይ «ኢንዛይም» ብቻ ተጽፎ ሲያገኙት ከጥጃ ይሁን ከሻጋታ በምን ይለዩት? የአይብ ሻጯን ጠይቀን መልስ እናገኛለን። ፋብሪካውም አንድ ቃል ጨምሮ ይጻፍልን፦ ከምን የተገኘ ኢንዛይም?