«ዲክሽነሪ» ማለት ምን ማለት ነው?

ባለፈው ሰሞን አንዲት እናት ወደ እኛ መጥተው፣ ልጃቸው ከእንግሊዝኛ ትምህርቱ ያመጣውን «ዲክሽነሪ» የሚል ቃል ትርጉም ጠየቁን። ልጃቸው ሲጠይቃቸው መልስ አጥተው ዝም በማለታቸው አዝነው ነበር።

ቃሉ የመጣው ከላቲን ሲሆን ሥሩ «መናገር» ማለት ነው። የእኛው «መዝገበ ቃላት» ከግእዝ የመጣ ነው፤ በግእዝ መዝገብ ሀብት የሚከማችበት ግምጃ ቤት ነው። የዕብራይስጡ «ሚሎን» ግን አዲስ ቃል ነው። «ሚላ» ማለትም «ቃል» ከሚለው ያወጣው ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ ነው። እርሱም በ1881 እ.ኤ.አ. ወደዚህ አገር መጥቶ፣ እዚሁ ኢየሩሳሌም፣ ዛሬ ኢትዮጵያ ጎዳና በሚባለው መንገድ፣ ከደብረ ገነት ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ኖሯል።

ትልቁ መዝገበ ቃላቱ በ17 ቅጽ የተፈጸመው፣ እርሱ በ1922 ካረፈ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1959 ነው። በ1882 የተወለደው ልጁ ግን መጽሐፉን ሳይጠብቅ፣ ዕብራይስጥን ከወላጆቹ አፍ ሰምቶ አደገ።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ የእንግሊዝኛ ቃል ይዘው ሲመጡ አትፈሩ። ትርጉሙን አብራችሁ ፈልጉ፤ ቀጥሎም «በእኛ ቋንቋ እንዲህ እንላለን» በሏቸው። አማርኛውን ወይም ትግርኛውን ከእናንተ ካልሰሙ፣ ከማን ይሰማሉ?