ከወንጂ ሸንኮራ እስከ ሐዋሳ ስፌት፤ ተጓዥ ካፒታልና የሠራተኛው ድርሻ

በአዋሽ ሸለቆ የስኳር ኢንዱስትሪ ታሪክ የሚጀምረው ከአዋሽ ዳርቻ ሳይሆን ከጃቫ ደሴት ነው። ኤች.ቪ.ኤ. በሚል ምሕጻር የሚታወቀው የሆላንድ ኩባንያ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መገባደጃ በአምስተርዳም ከተቋቋመ በኋላ፣ ያን ጊዜ የሆላንድ ቅኝ ግዛት በነበረችው በኢንዶኔዥያ ሰፋፊ የሸንኮራ አገዳ እርሻና ወፍጮ ይዞ ሲበለጽግ የኖረ ድርጅት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1949 ኢንዶኔዥያ ሉዓላዊነቷን ስትረከብ ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ ለመገመት ነቢይ መሆን አላስፈለገም። የሆላንድ ኩባንያዎች ንብረት እ.ኤ.አ. በ1957 በሠራተኞችና በጦር ሠራዊቱ እጅ ገባ፤ በሚከተለው ዓመትም በሕግ ተወረሰ። ኤች.ቪ.ኤ. ግን ያን ቀን ቁጭ ብሎ አልጠበቀም። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1943 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ውል ተፈራርሞ፣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በወንጂ ሜዳ ላይ ሥር መስደድ ጀምሮ ነበር።

የዓለም ኢኮኖሚ መተሳሰር ትናንት የተፈለሰፈ መስሎ ለሚታየው ሰው ይህ መነሻ ብዙ ያስተምረዋል። በአምስተርዳም የተሰበሰበ ገንዘብ፣ በጃቫ የተገኘ የሙያ ልምድ፣ በአዋሽ ውኃ የሚለማ መሬት፣ ከሐድያ፣ ከከምባታና ከወላይታ የሚመጣ ጉልበት፤ እነዚህ አራቱ በአንድ ሜዳ ላይ የተገናኙት ከሰባ ዓመት በፊት ነው። ሜዳውም ባለቤት አልባ አልነበረም። ረግረግና ወባማ ቢሆንም የአካባቢው የኦሮሞ ከብት አርቢዎች ለግጦሽ የሚገለገሉበት ነበር፤ ኋላም እርሻው ወደ መተሐራ ሲስፋፋ የከረዩ አርብቶ አደሮች የበጋ መሰማሪያቸው ከእጃቸው ወጥቷል። ውሉን የተፈራረሙት ግን መንግሥትና ኩባንያው ብቻ ነበሩ። ከብት አርቢውም ሆነ አገዳ ቆራጩ በወረቀቱ ላይ ስም አልነበረውም።

የወንጂ ፋብሪካ በመጋቢት 1946 ዓ.ም. በቀን 1,400 ኩንታል ስኳር የማምረት ዐቅም ይዞ ሥራ ጀመረ። በ1955 ዓ.ም. በቀን 1,700 ኩንታል የሚያመርተው የሸዋ ፋብሪካ ከጎኑ ተተከለ፤ በ1962 ዓ.ም. ደግሞ መተሐራ ተከተለ። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. መጠናቀቁም የአዋሽን የውኃ መጠን በማመጣጠን ለታችኛው መስኖ ምቹ ሁኔታ ፈጥሯል።

እዚህ ላይ የሙያውን ባሕርይ ማየት ያስፈልጋል፤ የሠራተኛው ጉልበት የት ላይ እንደሚያርፍና የት ላይ እንደሚያይል የሚወስነው ባሕርይው ነውና። አገዳ ከተቆረጠ በኋላ አይጠብቅም። በአንድ ቀን ገደማ ካልተጨመቀ በውስጡ ያለው ስኳር እየተበላሸ ይሄዳል፤ ስለዚህ ገጀራው፣ የአገዳው ማመላለሻና ወፍጮው እንደ አንድ ሰንሰለት ተያይዘው መንቀሳቀስ አለባቸው። ክረምቱ ሲገባ ጭቃው ማመላለሻውን ስለሚያግደው ፋብሪካው ለእድሳት ይቆማል፤ ቆራጩም ይሰናበታል። በመሆኑም በወንጂ ሁለት ዓይነት ሠራተኛ ነበረ፤ ዓመቱን ሙሉ ደመወዝ የሚቆጠርለት ቋሚ ሠራተኛና በቆረጠው ልክ የሚከፈለው፣ ወቅቱ ሲያልቅ ወደ አገሩ የሚመለሰው የወቅት ሠራተኛ። ኩባንያው ለሁለተኛው የሚከፍለው ገንዘብ ጥቂት የሆነበት ምክንያት ስስት ብቻ አልነበረም። ቆራጩ በደቡብ የእንሰት ማሳ ላይ ቤተሰብ ነበረው፤ በክረምት የሚያበላው፣ ሲታመም የሚያስታምመው፣ ሲያረጅ የሚጦረው ያ ማሳ ነበር። እንግዲህ የወንጂ ስኳር ከፊሉ ወጪ በኩባንያው መዝገብ ላይ ያልተጻፈ፣ በሐድያና በከምባታ ገበሬ ጓዳ የተሸፈነ ወጪ ነበር ማለት ይቻላል።

ነገር ግን ይኸው የአገዳ ችኩልነት ለሠራተኛው መደራደሪያ ሆነው። በቆረጣ ወቅት ሥራ ማቆም ማለት በማሳና በማመላለሻ ላይ ያለውን አገዳ ማስቀረት ማለት ነው። ወፍጮው በመርከብ ተጭኖ በመኪና ተጓጉዞ በሲሚንቶ ላይ የተተከለ ስለሆነ ኩባንያው ተቆጥቶ ሊነቅለው አይችልም። የመስኖው ቦይ፣ የሠራተኛው ካምፕ፣ ለዓመታት የተደለደለው መሬት ሁሉ ባለበት ይቀራል። ባለገንዘቡ ከጃቫ የመጣ ተጓዥ ቢሆንም አዋሽ ዳር ከደረሰ በኋላ በመሬት ታስሮ ነበር።

የኢትዮጵያ ሕግ ይህን ሁኔታ የተከተለው ዘግየት ብሎ ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በሕጉ መሠረት በሥራ ማኅበር መደራጀትን ቢፈቅድም ዝርዝሩን የሚያወጣ ሕግ ለዓመታት አልተከተለም። በዚያን ጊዜ ሠራተኞች የሚሰባሰቡት በመረዳጃ ማኅበርና በዕድር መልክ ነበር፤ ቀባሪ ማኅበር እየተባለ ስለ ደመወዝ የሚመከርበት ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት ድንጋጌ ቁጥር 49 ወጣ። በሚያዝያ 1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር አቶ አብርሃም መኮንንን ፕሬዚዳንት አድርጎ ሕጋዊ ሰውነት አገኘ። በዚያው ዓመት ግንቦት ኢትዮጵያ የመደራጀትና የኅብረት ድርድር መብትን የሚመለከቱትን የዓለም የሥራ ድርጅት 87ኛና 98ኛ ስምምነቶች አጸደቀች፤ በ1956 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይም ድንጋጌው አዋጅ ቁጥር 210 ሆኖ ጸና። የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም የሚቻለው ግን 50ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ነበር፤ የመንግሥት ሠራተኛና የቤት ሠራተኛም ከአዋጁ ውጪ ነበሩ። በተግባር ሲታይ አዋጁ የተሰፋው በትልልቅ ፋብሪካዎች፣ በባቡር፣ በአየር መንገድና በስኳር እርሻ ልክ ነበር። አነስተኛው ጋራዥና ዳቦ ቤት አልታሰበበትም።

የደመወዝ ክርክር በወረቀት ላይ ይታያል፤ በወረቀት ላይ የማይታይ ሌላ ሒሳብ ደግሞ በወንጂ ምድር ውስጥ ነበር። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ስለሚያልፍ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚያሳስበው ከፍተኛ ልክ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በወንጂ ካምፖች ለመጠጥ ከተቆፈሩት ጉድጓዶች መካከል 8 ሚሊግራምና ከዚያም በላይ የነበራቸው ይገኛሉ። ጉዳቱ መጀመሪያ የታየው በልጆች ጥርስ ነው፤ ጥርሳቸው በለዘ። ይህ በስምጥ ሸለቆ የተለመደ በመሆኑ ማንም አልደነገጠበትም። ውኃውን ከዐሥር ዓመት በላይ የጠጡት ጎልማሶች ግን ሌላ ነገር ያሳዩ ጀመር። አንገታቸው አልዞር፣ ወገባቸው አልታጠፍ አለ፤ አጥንታቸው እየወፈረ የሕብለ ሰረሰራቸውን ነርቭ የተጫነባቸውም ሽባ እስከ መሆን ደረሱ። በ1960ዎቹ የታዩት እነዚህ ሕመምተኞች ለሕክምናው ዓለም በጽሑፍ የቀረቡ ሲሆን፣ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቀጠሉት ዓመታት ያደረጉት ጥናት ወንጂን በዚህ በሽታ ታሪክ ውስጥ ስሟ የሚጠራ ቦታ አድርጓታል።

የሰውነትን ድርሻ የሚወስነው በሊትር ውስጥ ያለው መጠን ብቻ ሳይሆን የሚጠጣው ሊትር ብዛትም ነው። በቆላ ፀሐይ ገጀራ ይዞ የሚውል ሰው በጥላ ሥር መዝገብ ከሚጽፍ ሰው ይበልጥ ይጠጣል። ብርቱው ሠራተኛ ብዙ ቆረጠ፣ ብዙ ጠጣ፣ ብዙም ተጎዳ። ወደ አገሩ የሚመለሰው የወቅት ሠራተኛ በዚህ በኩል ዕድለኛ ነበር፤ ቋሚ ለመሆን የታደለውና ልጆቹን በካምፕ ያሳደገው ግን በአጥንቱ ከፈለ። ፍሎራይዱን በማጣሪያ ለመቀነስ ጥረት ተደርጓል፤ የአዋሽን ውኃ እያጣሩ ማደልም የተሻለው መፍትሔ ሆኖ ተገኝቷል። ወንዙ ከአገዳው ማሳ አጠገብ ይፈስ የነበረው ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው። ለአገዳው የወንዝ ውኃ፣ ለቆራጩ የጉድጓድ ውኃ መሰጠቱ ሆን ተብሎ የተሠራ ክፋት ነበር ለማለት ማስረጃ የለም፤ በዚያ ዘመን ጉድጓድ ከወንዝ ይልቅ ንጹሕ እንደሆነ የሚታመን ነበርና። ቢሆንም ፍትሕ የሚለካው በአሳቢው ልብ ብቻ አይደለም፤ አደጋው ሲታወቅ ወጪው በማን ላይ ያርፋል የሚለውም ይጠየቃል። የማሽን አደጋ ቀኑና ሰዓቱ ይመዘገባል፤ በዐሥር ዓመት ጠብታ የመጣ ሕመም ግን ቀን የለውም።

ከየካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. ጀምሮ የሠራተኞች አንድነት ማኅበር አገር አቀፍ የሥራ ማቆም አድማ አደረገ። ለመንግሥት ካቀረባቸው ጥያቄዎች መካከል ዝቅተኛው የደመወዝ መነሻ በሕግ ይወሰን የሚለው ነበረበት። አድማው ለአራት ቀናት ያህል ቆይቶ በስምምነት ተፈታ፤ ስምምነቱን የፈረመው መንግሥት ግን ራሱ ብዙ አልቆየም። በጥር 1967 ዓ.ም. የወንጂና የመተሐራ ፋብሪካዎች ከሌሎች ኢንዱስትሪዎች ጋር ተወረሱ። ኤች.ቪ.ኤ. በኢንዶኔዥያ የደረሰበት ዕጣ በአዋሽም ደረሰበት። በ1968 ዓ.ም. የአንድነት ማኅበሩ ተዘጋ፤ በ1969 ዓ.ም. በምትኩ የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር ተቋቋመ። አሠሪውም የማኅበሩ ጠባቂም መንግሥት በሆነበት ዘመን ስለ ኅብረት ድርድር ብዙ የሚተረክ የለም። ኩባንያው ሄደ፤ ወፍጮው ቀረ። የሆላንዶቹ ሁለት ፋብሪካዎች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አገልግለው ነው በአዲስ ፋብሪካ የተተኩት።

በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ሌላ ዓለም ነው። ሼዶቹን የገነባው የኢትዮጵያ መንግሥት ነው፤ ሥራ ተቋራጩ የቻይና ኩባንያ ሲሆን ግንባታው የፈጀው ዘጠኝ ወር ያህል ብቻ ነበር። ባለሀብቱ ሼዱን ይከራያል፤ የልብስ ስፌት መኪናዎቹን አምጥቶ ይደረድራል፤ ጨርቁን በአብዛኛው ከውጭ ያስገባል፤ የተሰፋውን ልብስ ይልካል። ሠራተኞቹ በብዛት ከሲዳማና ከአጎራባች ገጠሮች የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። የወንጂን ቆራጮች የሰጠው ያው ደቡብ የሐዋሳን ሰፊዎችም ሰጠ። ከስልሳ ዓመት በኋላም የገጠሩ ጓዳ ያንኑ ድጎማ ይጠየቅ ጀመር፤ የልጅቱ ደመወዝ ለቤት ኪራይና ለምግብ ስለማይበቃት ቤተሰቧ እህል መላክ ነበረበት።

በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን የንግድ ትምህርት ቤት ሥር የሚገኘው የንግድና የሰብአዊ መብት ማዕከል በግንቦት 2011 ዓ.ም. ያወጣው ጥናት የሐዋሳ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር፣ በጊዜው ምንዛሪ 750 ብር ያህል መሆኑን ገለጸ። በዚያው ጥናት የባንግላዴሽ ደመወዝ 95፣ የኬንያ 207፣ የቻይና 326 ዶላር ነበር። ጥናቱ ካወጣቸው ቁጥሮች ሁሉ ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው ግን ሌላ ነው፤ ፋብሪካዎቹ በአማካይ በየዐሥራ ሁለት ወሩ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ በአዲስ ይተኩ ነበር። ይህ በማኅበር ያልተመራ፣ ጥያቄ በጽሑፍ ያላቀረበ፣ አንድ በአንድ በጓዝ ጠቅልሎ መሄድ የተገለጸ አድማ ነው። አሠሪውን ያከስረዋል፤ ለሄደችውም ሆነ ለምትተካው ልጅ ግን የሚያስገኝላት አንዳች የተጻፈ ስምምነት የለም።

ሕጉ በዚህ መካከል ወደ ኋላ አልሄደም፤ እንዲያውም በአንዳንድ በኩል ተሻሽሏል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት የመደራጀትንና ሥራ የማቆምን መብት በግልጽ አስፍሯል። በ1956 ዓ.ም. 50 የነበረው የሠራተኛ ቁጥር ወደ 10 ወርዷል። ሆኖም የወንጂ ሠራተኛ በጠባቡ ሕግ ያገኘውን መደራደሪያ የሐዋሳ ሠራተኛ በሰፊው ሕግ አላገኘችም። ምክንያቱ በሕጉ ሳይሆን በጨርቁ ውስጥ ነው። የተቆረጠ ጨርቅ እንደ ተቆረጠ አገዳ አይበላሽም፤ የስፌት መኪና በኮንቴይነር ይጫናል፤ ትእዛዙ በአንድ መልእክት ወደ ሌላ አገር ይዞራል። ባለሼዱ ራሱም ቢሆን ጌታ አይደለም፤ ዋጋውን የሚወስንለት በኒውዮርክ ያለ ገዢ ነው። ሠራተኛዋ የምትደራደረው ደመወዟን ከማይወስን ሰው ጋር ነው።

የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው ፒ.ቪ.ኤች. ለፓርኩ መቋቋም ቀዳሚ ሚና ከነበራቸው ኩባንያዎች አንዱ ነበር። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ግን በአገሪቱ የተባባሰውን ጦርነት ምክንያት አድርጎ የሐዋሳ ፋብሪካውን መዝጋቱን አስታወቀ። ከታኅሣሥ 23 ቀን ጀምሮም አሜሪካ በጦርነቱ ከደረሰው የሰብአዊ መብት ጥሰት ጋር በተያያዘ ኢትዮጵያን ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል፣ ማለትም ከአጎዋ፣ አገደች። የሰብአዊ መብት ክሱ የቀረበው በመንግሥት ላይ ነበር፤ ቅጣቱ ግን ያረፈው ከጦርነቱ ግንባር በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቃ እጅጌ ከምትሰፋ የሲዳማ ልጅ ላይ ጭምር ነው። ኤች.ቪ.ኤ. ሲለቅ ወፍጮው፣ ቦዩና ማሳው ቀርተውለታል ለአገዳ ቆራጩ፤ ሐዋሳ ላይ የሚቀረው ባዶ ሼድ ነው።

ከየካቲቱ አድማ አርባ አምስት ዓመት በኋላ በነሐሴ 2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 የዝቅተኛ ደመወዝን ጉዳይ መልሶ አነሣው። አዋጁ የደመወዙን ልክ በቁጥር አልወሰነም፤ መንግሥት፣ ሠራተኞችና ሌሎች ባለጉዳዮች የሚወከሉበት የደመወዝ ቦርድ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲቋቋም ብቻ አመለከተ። ቦርዱ በጥናቱ ሊያያቸው ከሚገቡት መመዘኛዎች መካከል የአገሪቱ የኢኮኖሚ ዕድገትና የሥራ ገበያው በስም ተጠቅሰዋል። የጤፍ ዋጋ፣ የአንድ ክፍል ቤት ኪራይና የመጠጥ ውኃው «ሌሎች ሁኔታዎች» በሚሉት ሁለት ቃላት ውስጥ ገብተዋል።