የሕንጻ ሥራ ተቋራጮችና የዕቃ አቅራቢዎች ዋጋቸውን በሕግ ስለሚያስጠብቁባቸው መንገዶች

ሕንጻ የሚያንጽ ሰው ከሌላው ባለ ንግድ ሁሉ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለ፤ ይኸውም ድካሙንና ገንዘቡን አስቀድሞ በሌላ ሰው ይዞታ ላይ አፍስሶ፣ ዋጋውን ግን ዘግይቶ የሚጠብቅ መሆኑ ነው። ጨርቅ ሻጭ ገንዘቡን ሳይቀበል ጨርቁን ቀድዶ አይሰጥም፤ ሥራ ተቋራጭ ግን ያቆመውን ዓምድ ነቅሎ ሊሄድ አይቻለውም። ኦሪት የቅጥረኛ ዋጋ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲከፈል ማዘዟ የድካም ዋጋ ምን ያህል ክቡር እንደሆነ ከጥንት ጀምሮ ያስረዳል፤ ትእዛዝ ብቻውን ግን ዋጋን አያስከፍልምና፣ የሚያስከፍለውን ሥርዐት ከሕጉና ከውሉ መርምሮ ማግኘት ያስፈልጋል።

፩. የፍትሐ ብሔር ሕጉ የሰጠውና ያልሰጠው

ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁትና በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1132 ከአንድ ነገር ጋራ የተዋሐደና ሳይፈርስ ወይም ሳይበላሽ ሊለይ የማይቻል ነገር ሁሉ የዚያው ነገር ክፍል እንደሚሆን ይደነግጋል። በዚህም መሠረት ሲሚንቶው ከአሸዋው ጋራ ተቦክቶ፣ ፌሮው በኮንክሪት ተሸፍኖ የግድግዳው አካል በሆነባት ሰዓት፣ አቅራቢው በዕቃው ላይ የነበረው መብት ያከትማል፤ የሚቀርለትም በባለ ዕዳው ላይ ያለው የገንዘብ ጥያቄ ብቻ ነው።

ይኸው ሕግ ስለማይንቀሳቀስ ንብረት መያዣ በሚናገርበት ክፍል፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለሸጠ ሰው በቁጥር 3042፣ ንብረት ለተካፈለ ባለ ድርሻም በቁጥር 3043፣ ያለ ውል በሕግ ብቻ የሚገኝ መያዣ ሲሰጥ፣ ሕንጻውን ላነጸው ሰው ግን በዚያ ሥፍራ ተመሳሳይ መብት አልሰጠም። ስለዚህ ተቋራጩ በሕንጻው ላይ መያዣ እንዲኖረው ቢፈልግ፣ የገንዘቡን ልክ በገለጸ የጽሑፍ ውል መዋዋል፣ ውሉንም ሕንጻው በሚገኝበት ሥፍራ ባለው መዝገብ ማስመዝገብ ይገባዋል፤ መያዣ ካልተመዘገበ ውጤት እንደሌለው ቁጥር 3052 በግልጽ ተናግሯልና። ሕንጻው ለባንክ አስቀድሞ በመያዣ ተይዞ እንደሆነ ግን፣ በኋላ የተመዘገበው ተቋራጭ ከባንኩ የተረፈውን ብቻ ይጠብቃል።

፪. በውል ስለሚገኝ ጥበቃ

በአገራችን ልማድ ተቋራጩ ለአሠሪው የጨረታ ማስከበሪያ፣ የቅድሚያ ክፍያና የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትና ከባንክ ወይም ከመድን ድርጅት አምጥቶ ሲሰጥ፣ አሠሪው በበኩሉ ዋጋውን ስለ መክፈሉ አንድም ዋስ አያቀርብም። ፊዲክ በመባል የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የአማካሪ መሐንዲሶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው ቀይ መጽሐፍ ግን ተቋራጩ የአሠሪውን የገንዘብ ዝግጅት የሚያሳይ ማስረጃ ሊጠይቅ እንደሚችል በንዑስ አንቀጽ 2.4 ተጽፏል፤ አሠሪው የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና አርአያም በአባሪው ይገኛል። በዚሁ ውል መሠረት ጊዜያዊ ክፍያ መሐንዲሱ የክፍያ ጥያቄውን ከነማስረጃው ከተቀበለ በኋላ በ56 ቀን ውስጥ መከፈል አለበት፤ ካልተከፈለም ተቋራጩ ከ21 ቀን ያላነሰ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሥራውን ሊያቆም ይችላል።

ሥራን ማቆም ከመብቶች ሁሉ ብርቱው ነው፤ ነገር ግን በሁሉ ዘንድ እኩል አይሠራም። በግል ሰዎች መካከል በተደረገ ውል፣ የራሱን ግዴታ የፈጸመ ወይም ለመፈጸም የተዘጋጀ ወገን ብቻ የሌላውን ግዴታ ሊጠይቅ እንደሚችል በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1757 ስለተደነገገ፣ የማይከፍል አሠሪ ሥራው እንዲቀጥል ለማስገደድ አፍ የለውም። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋራ በተደረገ የአስተዳደር ውል ግን፣ የመሥሪያ ቤቱ ጉድለት ሥራውን የማይቻል ካላደረገው በቀር ተቋራጩ እንዳያቆም ቁጥር 3177 ይከለክለዋል። ስለሆነም የመንግሥት ሥራ የሚወስድ ሰው የማቆም መብቱን በውሉ ውስጥ በግልጽ ማስጻፍ ይገባዋል።

ከዋስትናው ሁሉ በፊት ግን የሥራ ልኬት አለ። የመሠረት ጉድጓድ ጥልቀትና የፌሮው ብዛት ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት በተቋራጩና በተቆጣጣሪው መሐንዲስ ፊት ተለክቶ ካልተፈረመበት፣ በኋላ የሚነሣው ክርክር ከመሬት በታች ስላለ ነገር ይሆንና የሚመሰክርለት አይገኝም። የተፈረመ የልኬት ወረቀትና የጸደቀ የክፍያ ሰርተፊኬት ለተቋራጭ ከብዙ ምስክር ይበልጡለታል።

፫. ስለ ዕቃ አቅራቢዎች

አቅራቢ ከባለ ሕንጻው ጋራ ውል የለውም፤ ያበደረው ለተቋራጩ ነውና። ዕቃው ገና በመጋዘን ሳለ፣ ዋጋው እስኪከፈል ድረስ ባለቤትነቱ ከሻጩ እንዳይወጣ መዋዋል ይችላል፤ በተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 በተቋቋመው መዝገብ ማስመዝገብም መብቱን በሌሎች ገንዘብ ጠያቂዎች ላይ ያጸናለታል። ይህ ዘዴ ለጄኔሬተር፣ ለአሳንሰርና ለኮንክሪት ማቡኪያ ይጠቅማል፤ ለሲሚንቶና ለአሸዋ ግን ከላይ በተገለጸው ምክንያት ዕድሜው አጭር ነው። ስለዚህ እነዚህን የሚያቀርብ ሰው በዚሁ አዋጅ መሠረት ተቋራጩ ከአሠሪው የሚቀበለውን ክፍያ በዋስትና መያዝ፣ ወይም የተቋራጩን ኩባንያ ባለቤት በግል ዋስ አድርጎ ማስፈረም ይሻለዋል። የዋስትናው ከፍተኛ ገንዘብ በጽሑፉ ካልተወሰነ ግን፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 መሠረት ዋስትናው ዋጋ የለውም። የዕቃ መረከቢያ ደረሰኝም በበሩ ላይ የተገኘ ዘበኛ ሳይሆን፣ በውሉ ሥልጣን የተሰጠው የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ስሙን ጽፎ ሊፈርምበት ይገባል።

፬. ወደ ዳኛ ስለ መሄድ

ዋጋው በቀኑ ካልተከፈለ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መስጠት የመጀመሪያው ተግባር ነው፤ በውሉ ሌላ ካልተጻፈ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1751 የተወሰነው በዓመት 9 ከመቶ ወለድ መታሰብ የሚጀምረው ከማስጠንቀቂያው ወዲህ ነውና። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ፣ ልኩ በታወቀና በጽሑፍ በተረጋገጠ ዕዳ ላይ በአጭር ሥነ ሥርዓት መክሰስን ከቁጥር 284 ጀምሮ ይፈቅዳል፤ ተከሳሹም ለመከላከል አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ባለ ዕዳው ንብረቱን ለማሸሽ ሲሰናዳ የተገኘ እንደሆነም፣ ከፍርድ በፊት እንዲያዝ በቁጥር 151 ማመልከት ይቻላል።

፭. ስለሚገባው መሻሻል

ሌሎች አገሮች በዚህ ነገር ከእኛ ቀድመው ሄደዋል። በአሜሪካ የሜሪላንድ ግዛት የዋሽንግተን ከተማ በምትታነጽበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1791፣ አናጺዎች በሠሩት ሕንጻ ላይ የመያዣ መብት እንዲኖራቸው ደነገገ። በመንግሥት ሕንጻ ላይ እንዲህ ያለ መያዣ ስለማይቻል፣ ሚለር አክት የተባለው የ1935 የፌዴራል ሕግ ዋናው ተቋራጭ ለንዑስ ተቋራጮችና ለአቅራቢዎች የክፍያ ዋስትና እንዲያቀርብ አስገደደ። በፈረንሳይም የ1975 ሕግ ንዑስ ተቋራጭ ዋጋውን በቀጥታ ከአሠሪው የሚጠይቅበትን መንገድ ከፈተ።

ቤት ለሸጠ ሰው በሕግ መያዣ የሰጠ አገር፣ ያንኑ ቤት ላነጸው ሰው የሚከለክልበት የፍትሕ ምክንያት አይገኝም፤ ሁለቱም በቤቱ ላይ የሚጠይቁት ያልተከፈለ ዋጋቸውን ነውና። ስለዚህ ሕግ አውጪው በቁጥር 3042 ከሻጩ ጎን ተቋራጩንና አቅራቢውን እንዲጨምር፣ በሦስተኛ ወገን ላይ ጉዳት እንዳይደርስም መብቱ በአጭር ጊዜ ውስጥ እንዲመዘገብ እንዲያዝ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ዋናውን ተቋራጭ የክፍያ ዋስትና ሳያስይዙ ሥራ እንዳይሰጡ እናሳስባለን። ይህ እስኪሆን ድረስ ተቋራጭም አቅራቢም ዋስትናውን ሊጠይቅ የሚገባው የመሠረቱ ድንጋይ ከመጣሉ በፊት ነው፤ ሕንጻው ከቆመ በኋላ የሚጠየቅ ዋስትና በአሠሪው ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ልመና ነውና።