የጨቅላ ሕፃናት አስተኛኘት በኩዌት

አስተማማኝ አስተኛኘት የሚባለው 1 ዓመት ያልሞላው ሕፃን ተኝቶ ሳለ ታፍኖ ወይም ምክንያቱ ባልታወቀ ድንገተኛ ሞት እንዳይቀጠፍ የሚደረገው ጥንቃቄ ነው። ድንገተኛው ሞት የሚበረታው ከ2 እስከ 4 ወር ባለው ዕድሜ ሲሆን፣ 90 በመቶ የሚሆነው ሕፃኑ 6 ወር ሳይሞላው ይደርሳል።

በኩዌት ሲቲና በዙሪያዋ ባሉት በሳልሚያ፣ በሃዋሊ፣ በጃብሪያና በፈርዋኒያ ሕፃኑን አልጋው ላይ የምታጋድመው ሁልጊዜ እናቱ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የግሉ ዘርፍ የሥራ ሕግ ለወለደች ሠራተኛ 70 ቀን የሚከፈልበት ፈቃድ ይሰጣል። ፈቃዱ ከወለደችበት ዕለት ቢቆጠር እንኳ የሚያልቀው ሕፃኑ ሁለት ወር ከጥቂት ቀን ሲሆነው፣ አደጋው በሚያይልበት ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲያ በብዙ ቤት ሕፃኑ የሚውለው ከፊሊፒንስ፣ ከስሪላንካ፣ ከህንድ ወይም ከኢትዮጵያ በመጣች ሞግዚት እጅ ነው።

ዋናው ደንብ አጭር ነው፤ ቀንም ሆነ ሌሊት በጀርባ ማስተኛት። በጎን የተኛ ሕፃን በቀላሉ በሆዱ ስለሚደፋ በጎን ማስተኛት አይመከርም። ብዙዎች «ቢያስመልሰው ያንቀዋል» ብለው ይፈራሉ። የሰውነት አሠራሩ ግን ሌላ ነው። ሕፃኑ በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከላይ፣ የምግብ ቧንቧው ከታች ይሆናል፤ የመለሰው ወተት ወደ አየር ቧንቧው እንዲገባ ሽቅብ መውጣት አለበት። በሆዱ ሲደፋ ግን የአየር ቧንቧው ከታች ይውላል።

ሐኪሞችም ይህን የተቀበሉት ዘግይተው ነው። ስመ ጥሩው አሜሪካዊ የሕፃናት ሐኪም ቤንጃሚን ስፖክ ሚሊዮኖች ባነበቡት መጽሐፉ በሆድ ማስተኛትን ለዓመታት መክሯል። በኒውዚላንድና በአውስትራሊያዋ ታዝማኒያ የተደረጉ ጥናቶች ይህን ካፈረሱት በኋላ ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1991 መጨረሻ፣ አሜሪካ ደግሞ በ1994 «በጀርባ» የሚል ዘመቻ ጀመሩ። በአሜሪካ ድንገተኛው ሞት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ግማሽ ወረደ።

አልጋው ላይ የሚያስፈልገው ጠንከር ያለ ዝርግ ፍራሽና ጥብቅ ብሎ የተወጠረ አንሶላ ብቻ ነው። ለአራስ ጥየቃ የሚመጣው የዳንቴል ትራስ፣ የድብ አሻንጉሊቱ፣ ወፍራሙ ብርድ ልብስ ሕፃኑ ሲተኛ ይነሣል፤ ፊቱ ለስላሳ ነገር ውስጥ ከገባ ያወጣውን አየር መልሶ ይተነፍሳልና። አሜሪካ በ2022 ባወጣችው ሕግ የአልጋ ዙሪያ ስፖንጆችንና ከ10 ዲግሪ በላይ ያዘነበሉ የሕፃን ማስተኛዎችን ከገበያ አግዳለች።

የኩዌት የራሷ ችግር ሙቀቱ ነው። በሰሜን ምዕራብ በምትገኘው ሚትሪባ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2016 የተለካው 53.9 ዲግሪ በዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት የተረጋገጠ ነው። ስለዚህ ኤሲው ሌት ተቀን ይሠራል፤ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ሕፃኑ ላይ ልብስ ይደራረባል። ከመጠን በላይ መሞቅ ራሱ ለድንገተኛ ሞት ያጋልጣል። የሕፃን እጅና እግር በተፈጥሮው ቀዝቀዝ ስለሚል አያስተማምንም። እጅን ደረቱ ወይም ማጅራቱ ላይ አሳርፎ ላብ ካለ አንድ ልብስ መቀነስ፣ ቤት ውስጥ ኮፍያ አለማድረግ፣ የኤሲውን ንፋስ ከአልጋው ማዞር ይበቃል። መጠቅለል በአረቦቹም ዘንድ የቆየ ልማድ ነው፤ ዳሌውና እግሩ እንዲንቀሳቀስ ላላ መደረግ፣ መገልበጥ ሲጀምር ደግሞ መቆም አለበት።

ሕፃኑ ቢያንስ እስከ 6 ወር በሚንከባከበው ሰው ክፍል፣ ግን በራሱ አልጋ ቢያድር ይመረጣል። በሞግዚቷ ክፍል ካደረም ያው ነው፤ የእሷ ፍራሽ ላይ ሳይሆን አጠገቧ። የቤት ሠራተኞችን የሚመለከተው እ.ኤ.አ. የ2015 ሕግ ቁጥር 68 የቀን ሥራን በ12 ሰዓት ይገድባል፤ አራስ ልጅ ግን በየ2 እና 3 ሰዓቱ ጡጦ ይጠይቃል። ቀን ስትሠራ ውላ ሌሊት ሶፋ ላይ ጡጦ የያዘች ሴት እንቅልፍ ቢጥላት አይገርምም። ሶፋ ላይ ከሰው ጋር መተኛት የሕፃኑን አደጋ እስከ 67 እጥፍ እንደሚያሳድገው የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ገልጿል።

ከኅዳር አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ብዙ የኩዌት ቤተሰብ ድንኳን ጭኖ በረሃ ይወጣል። ሌሊቱ ስለሚበርድ ከሰል ድንኳን ውስጥ የሚያስገባ አይጠፋም። ከሰሉ የሚተፋው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ሕፃኑንም ሞግዚቷንም አንድ ላይ ሊጨርስ ይችላል።

ማዳሟ (አሠሪዋ) አያቷ እንዳደረገችው ልጁ በሆዱ ይተኛ ብላ ብታዝ፣ ሞግዚቷ ለመመለስ ሁለት የአረብኛ ቃላት ይበቋታል፤ ሆድ «በጥን»፣ ጀርባ «ዘህር» ነው።