ዓሣን መጠበቅ ውሃን መጠበቅ ነው

እ.ኤ.አ. በ1849 ዓ.ም. ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ እንግሊዛዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ለንደን ላይ ሁለት ወርቃማ ዓሦችን ከውሃ ተክል ጋር በመስተዋት ገንዳ አኖረ። ተክሉ ኦክሲጅን ቢሰጥም ቅጠሉ እየበሰበሰ ውሃውን አበላሸው፤ ብስባሹን የሚመገቡ ቀንድ አውጣዎች ሲጨመሩ ግን ውሃው ጠራ።

ከዚያ ወዲህ ብዙዎች ተክልና ዓሣ ከተመጣጠኑ ገንዳው ራሱን ይጠብቃል ብለው አመኑ። ሆኖም ውሃው ጠርቶ እየታየ ዓሣው የሚሞትበት ጊዜ አልታጣም። በ1871 ዊልያም አልፎርድ ሎይድ በለንደን ክሪስታል ፓላስ የገንዳዎቹን ውሃ ከትልቅ የጨለማ ማጠራቀሚያ ጋር በእንፋሎት ኃይል ሳያቋርጥ እንዲዘዋወር አደረገ፤ ዘዴውም ሠመረ።

ምስጢሩ የተገለጠው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ በ1890 እና በ1891 አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትንም ወደ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎችን ለይቶ ባሳየ ጊዜ ነው። ዓሣ በስንጥቡ የሚያስወጣው አሞኒያ መርዝ ነው፤ ባክቴሪያዎቹም ያለ ኦክሲጅን አይሠሩም።

ሞቃት ውሃ የሚይዘው ኦክሲጅን አነስተኛ ስለሆነ የሞቃት አገር ዓሣ አደጋው ይበረታበታል። አዲስ ገንዳ ባክቴሪያ እስኪያፈራ ሳምንታት ይፈጅበታል፤ በዚህ ጊዜ ዓሣ ማብዛት መግደል ነው። ማጣሪያውንም ክሎሪን ባለበት ውሃ የሚያጥብ ሰው ቆሻሻውን ብቻ ሳይሆን ጠባቂዎቹንም አብሮ ያጠፋል።