ጐዳናና የአገር ሹም

ሕግ ተጽፎ በመዝገብ መቀመጡ ብቻውን አይበቃም፤ ሊጠብቀው ከሚገባው ሰው ጆሮ ደርሶ ልማድ ሊሆን ያስፈልጋል። መኪና የሚነዳ ሰው የጐዳናን ሕግ ተምሮና ተፈትኖ ፈቃድ ይቀበላል። በእግሩ የሚሄደውና ብስክሌት የሚጋልበው ግን ሳይማርና ሳይፈተን ከዚያው ጐዳና ላይ ይወጣል። እንግዲህ የዚህ ሰው አስተማሪ ማን ይሁን? ለዚህ ጥያቄ ያለፈው ታሪካችን መልስ ይሰጣል።

በጎጃም ደጋ መንገድ ማለት ከጥንት ጀምሮ የእግረኛና የበቅሎ፣ የአህያና የከብት መሄጃ ነበር። በቁይም ሆነ በደብረ ማርቆስ አካባቢ ወደ ገበያ የሚወጣው ባላገር የሚፈራው ገደሉንና የክረምቱን ወንዝ ነበር እንጂ ከኋላው በፍጥነት የሚደርስበት ነገር አልነበረም። አዲስ ሕግ በወጣ ጊዜም በገበያ ቀን በአዋጅ ይነገራል፤ ጭቃ ሹሙም ለአጥቢያው ሰው ያደርሳል።

በ1900 ዓ.ም. ገደማ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ አውቶሞቢል ይዞ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ከተማ ገባ። በጠላት ወረራ ዘመን ብዙ የመኪና መንገድ ተሠራ፤ ከነጻነት በኋላም በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጐዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ደጀን የሚወጣው ጐዳና ጎጃምን ከአዲስ አበባ ጋር አቀራረበ። ከዚህም የተነሣ ብዙ ጥቅም ተገኘ፤ ይሁን እንጂ ባላገሩ በአዲሱ ጐዳና ላይ የሄደው በአሮጌው ልማድ ነበር።

እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በኢትዮጵያ መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ነበር፤ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ወደ ቀኝ ተዛወረ። ነገሩ ነጂዎችን ብቻ የሚመለከት ይመስላል። ነገር ግን የእግረኛ መሄጃ ባልተለየበት ጐዳና እግረኛ ከፊት ለፊቱ የሚመጣውን መኪና እያየ መሄድ ይገባዋል። መኪናው በግራ ሲነዳ የእግረኛው ወገን ቀኝ ነው፤ መኪናው ወደ ቀኝ ሲዛወር የእግረኛው ወገን ግራ ይሆናል። ብስክሌት ግን ተሽከርካሪ ስለ ሆነ ከመኪናው ጋር በቀኝ ይሄዳል። ስለዚህ ያ ለውጥ መሪ ጨብጦ የማያውቀውን ባላገር ጭምር ይነካ ነበር።

ስዊድንም በ1959 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ከግራ ወደ ቀኝ በተዛወረች ጊዜ ሕዝቧን በትምህርት ቤት፣ በራዲዮና በቴሌቪዥን፣ በየቤቱም በታደለ ጽሑፍ አስቀድማ አስተማረች። አደጋው በመጀመሪያ ቀነሰ፤ ብዙ ሳይቆይ ግን ወደ ቀድሞው ልክ ተመለሰ። ሰው ነገሩ አዲስ ሳለ ተጠነቀቀ፤ በለመደው ጊዜ ዘነጋ። ከዚህ እንደምንረዳው አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚቀር ትምህርት አይጸናም፤ ከሕዝቡ ጋር የሚኖር አስተማሪ ያስፈልገዋል።

የመሬት አዋጅ ከወጣበት ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ የጭቃ ሹም ቦታ በገበሬ ማኅበርና በቀበሌ ተተክቷል። እንግዲህ ከሕዝቡ ጋር የሚኖረው አስተማሪ የቀበሌና የወረዳ ሹም ነው፤ ነገር ግን አስቀድሞ ራሱ መማር አለበት። የእግረኛውንና የብስክሌተኛውን ወገን ለይቶ ይወቅ። አማካይ ፍጥነት በመቶ 1 ሲጨምር ሰው የሚሞትበት አደጋ በመቶ 4 ያህል እንደሚጨምር ይረዳ። ገበያው ወደ ጐዳናው እንዳይፈስ፣ ተማሪዎች የሚሻገሩበት ስፍራ እንዲለይ፣ ሰው የተጎዳበትም ቦታ ሁሉ በመዝገብ እንዲጻፍ ያድርግ፤ አደጋ በአንድ ስፍራ ሲደጋገም ጥፋቱ የመንገዱ ጭምር መሆኑን መዝገቡ ያሳያልና።

አባቶቻችን አዋጅን በገበያ መካከል ያስነግሩ የነበረው ሕዝቡ በዚያ ስለሚገኝ ነው። እንደ ቁይ ባሉ የወረዳ ከተሞች ዛሬም ገበያተኛው የሚመጣው አብዛኛው በእግሩ ነው። በደኅና ወደ ቤቱ ይመለስ ዘንድ የሚያስተምረው ሹም፣ ከሌላው ሥራው የሚያንስ ሥራ ሠራ አይባልም።